ከሲሚንቶው የተረፈው እንስላል

መስከረም 6፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰ.

ውሃ አጠጣሁ። ሁለት ጣሳ፣ ቀስ ተደርጎ፣ ዘሩ እንዳይታጠብ። ደብተሬ፣ እንስላሌ የቤቱን ጣሪያ አልፏል። የሚኒባስ ረዳቶች ከአስፋልቱ ሆነው እያዩት «ለቡ፣ ለቡ፣ በእንስላሉ በኩል!» እያሉ ይጣራሉ።

እሺ፣ ጣሪያ አላለፈም። አጥር ነው ያለፈው። እሺ፣ አጥርም አላለፈም፣ ጉልበቴ ድረስ ነው። እሺ ባክሽ፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ፤ ገና ከመሬት አልወጣም። ከተዘራ አስራ አንድ ቀኑ። የታሰበው ቁመት ግን ትልቅ ነው፣ እሱን አልመልስም።

የማታ ትምህርት ቲቸራችን በየቀኑ የማይጽፍ ሰው ፊደሎቹ ይሸሹታል ብላናለች። እኔን አይሸሹኝም። ሠላሳ ዓመት የጋራዥ ዘበኛ ነበርኩ፣ መጠበቅ አውቅበታለሁ። በሠላሳ ዓመት አንድ ጎማ አልጠፋብኝም። እሺ፣ አንድ ጠፍቶብኛል።

ሰኔ ላይ የማታውን ትምህርት ስንጨርስ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። እሺ፣ አራተኛ። ከአስራ አንድ ሰው። በስድሳ አንድ ዓመት አራተኛ መውጣት በሃያ ዓመት አንደኛ ከመውጣት አያንስም። ይሄን የምለው ቶላ ነኝ፣ ስሜን በጣቴ አሻራ ሳይሆን በእጄ የምጽፈው።

ጉም አለ ዛሬ። ጓሮው ስድስት እርምጃ በአራት። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ጥቁሩን አፈር አያለሁ። ዝም ይላል። ዝም ሲል የሚያስብ ይመስላል።

መስከረም 8፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ዝናብ። ጓሮ መውጣት ክልክል። በመስኮት።

ለምን እንደተከለከልኩ አልነገርኩሽም። ሐምሌ ላይ ጓሮ ወጥቼ ጭቃው አዳለጠኝ። ዳሌዬ ተመታ፣ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ። ለሰፈሩ ከሌባ ጋር ታግዬ ነው ብያለሁ። እሺ፣ ከጭቃ ጋር ነው። ጭቃው አሸነፈ።

ልጄ ጫልቱ እግሬን በቅባት እያሸች አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ዓይኗን ጠረገችና ወሰነች፦ ጓሮው በሙሉ ሲሚንቶ ይፈስበታል። ሁለተኛ እንዳልወድቅ። ባሏ ማቴዎስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ የወላይታ ልጅ፣ ሲጸልይ ካልሆነ በቀር ድምፁ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እሱ አሸዋ አስመጣ። በሩ ሥር ተቆልሏል። ሲሚንቶው በረንዳ ላይ ነው፣ ስምንት ከረጢት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ። ጠዋት ጠዋት ስወጣ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ከአባቴ ማሳ የቀረችው ይቺ ጓሮ ናት። ድሮ ከዚህ እስከ ወንዙ ጤፍ ነበር። አሁን እስከ ወንዙ ፎቅ ነው። እኔ አላዘንኩም፣ ፎቅ ያምራል። እሺ፣ አዝኛለሁ።

ጫልቱን ለመንኳት፣ ተደራደርን። ውሉ ይኸውልሽ፦ ጥቅምት ሳያልቅ በእጄ ያበቀልኩት፣ ምሳ ላይ የሚቀርብ ነገር ካሳየኋት፣ እስከዚያም አንዴም ካልወደቅሁ፣ ጓሮዋ ትቀርልኛለች። ካልሆነ ሲሚንቶ። ማቴዎስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «አባባ፣ ሲሚንቶ እርጥበት ካገኘው ከረጢቱ ውስጥ ይደርቃል፣ ብዙ አይጠብቅም።»

እንስላል መረጥኩ። ቶሎ ይደርሳል። ደግሞ ልጅ ሆኜ ከማሳው ዳር ማንም ሳይዘራው ይበቅል ነበር። ሮጬ ሳልፍ እግሬን ይነካኛል፣ ሽታው ቤት ድረስ ይከተለኛል። እናቴ ገና ከደጅ «እንስላል ውስጥ ነበርክ» ትለኝ ነበር።

ዝናቡ አላቆመም። አፈሩ ይጠጣል። ሲጠጣ አዳምጣለሁ።

መስከረም 10፣ ሰኞ

በቀለ! በቀለ! በቀለ!

አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ እንደ መርፌ። ቆጠርኩ፣ አርባ ሦስት። ሄጄ ማቴዎስን ቀሰቀስኩት። ቁርጥራጭ እንቅልፍ ዓይኑ ላይ እያለ ጎንበስ ብሎ አየና «ጌታ ይመስገን» አለ። ሄዶ ተኛ።

ወደ መካኒሳ አቦ ወረድኩ። መታጠፊያው ላይ ወ/ሮ ወርቄ ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች፦ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። (ይቺን «ወ/ሮ» የምትባል ሰረዝ እወዳታለሁ፣ ሁለት ፊደል ጽፈሽ አንድ ትልቅ ሴት ታስቀምጫለሽ።) በማታው ትምህርት አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ሁለተኛ የወጣችው እሷ ናት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በኋላ አይጻፍም።

ገና ከሩቅ አየችኝ። «እህ አንተ ጉረኛ፣ እንስላልህ ደረሰ?»

«ደረሰ ብቻ! ጥላው ሥር ጋደም ብዬ ነው የመጣሁት።»

«በል ትንሽ ቁረጥልኝ፣ ደንበኞቼ ይጠይቁኛል።»

ሳምንት ጠብቂ አልኳት። ሁለት ሴቶች ጎመን እየመረጡ ይስቁ ነበር። በእንስላሉ አይደለም የሳቁት፣ በእኔ ነው። ግድ የለኝም። ደስ ያለው ሰው ሲሳቅበት ድምፁ ከሩቅ ነው የሚሰማው።

መስከረም 13፣ ሐሙስ

ደብተሬ፣ ዛሬ አትሳቂ።

ወርቄ በምሳ ሰዓት መጣች፣ ጥላው ሥር ልተኛ ብላ። ቁጭ አለች። አንዷን ነቀለች፣ በጣቷ አሸች፣ አሸተተች። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ርኅራኄ ነበር፣ ያ ነው ያስደነገጠኝ።

«ቶላ፣ ይሄ ሙጃ ነው።»

ሙጃ። ከብት የሚበላው ሣር። አርባ ሦስት ሙጃ ቆጥሬ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ እንደምን አደራችሁ ብዬ ኖሬያለሁ።

ዘሩን ከየት እንዳመጣሁ ጠየቀችኝ። ከየት አመጣለሁ፣ ከጫልቱ ቅመም ቆርቆሮ።  ወርቄ ጮክ ብላ ጫልቱን ጠራቻት። ጫልቱ ከልብስ ስፌቷ ለምሳ መጥታ ነበር፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«ይሄ ከበርበሬ ጋር ሊፈጭ የተቀመጠው እንስላል፣ ምጣድ አይቶ ነበር?»

«አዎ፣ አምሼዋለሁ። ምነው?» ከዚያ ገባት። እጇ አፏ ላይ። «አባዬ! የታመሰ ዘራህ?»

ወርቄ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ በሳቅ። «በል ነገ ደግሞ ቆሎ ዝራ! ቡናም አትርሳ፣ ተቆልቶ ሲበቅል ስኒ ብቻ ነው የሚቀረው!»

እኔም ሳቅሁ። የገበሬ ልጅ፣ የገበሬ የልጅ ልጅ፣ አባቴ አፈሩን አሽቶ ዝናብ የሚያውቅ ሰው፣ እኔ የታመሰ ዘራሁ። ጫልቱ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ሲሚንቶው አየች። ወደ ጥቅምት የቀረውን ቀን ስትቆጥር አየኋት።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተቀመጥኩ። እነዚያ የታመሱ ዘሮች አሁንም እዚያው አፈር ውስጥ ናቸው። እሳት አይተው፣ አሁን ቀዝቃዛ ጨለማ ውስጥ ተኝተው። አይበቅሉም። ሕልም ግን ያያሉ ብዬ አሰብኩ። ሽታቸው አልጠፋማ።

መስከረም 14፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ወርቄ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ዘር አመጣች። ምጣድ ያላየ። ከራሷ ደጅ፣ ባለፈው ዓመት ተክሉ ላይ እንዳለ የደረቀ። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ መሐሉ ላይ መስመር ያለው። እፍኝ ሙሉ።

አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት በመዳፏ ከደነችው። ዘር ሲሰጥ አይመሰገንም አለች፣ እሷ በመጣችበት አገር ያመሰገኑበት ዘር አይበቅልም። ምስጋናው መጀመሪያ ሲታጨድ የመጀመሪያውን ጭብጥ መመለስ ነው። እስከዚያ ዝም። ለኔ፣ ለቶላ፣ ዝም በል ማለት! ከዳሌዬ ይልቅ እሱ አመመኝ።

ሙጃውን ነቀልን። አፈሩን በጣት አልሰለስን። በመስመር፣ ጥልቅ ሳይሆን፣ አፈር ለስሙ ብቻ ነሰነስንበት። ዙሪያውን አመድ፣ ጉንዳን ዘሩን እንዳይሸከመው። ወርቄ በርጩማዬን በእግሯ ገፋ አድርጋ «ጎንበስ አትበል፣ ቁጭ ብለህ ሥራ። የሚወድቀው ጎንበስ ያለ ነው» አለችኝ። ይሄን ምክር ሠላሳ ዓመት ጎንበስ ላሰኘኝ የጋራዥ ሥራ አስኪያጅ ነግራው ቢሆን ጥሩ ነበር።

ስትሄድ አመሰግናለሁ ልላት ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ። እውነት ነከስኩ። እሺ፣ ቀስ ብዬ።

መስከረም 25፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

አንድ ነገር ወጥቷል። አልናገርም። ለማቴዎስም አልነገርኩም፣ ለራሴም በሹክሹክታ ነው።

ቀጭን። ሁለት ክር። ሙጃም እንዲህ ነበር ሲጀምር፣ ሙጃም አስደስቶኛል።

ወርቄ «ሳይሸት እንስላል አትበለው» ብላኛለች። ጠበቅሁ። እስከ ምሳ። አንዷን ብቻ፣ ከዳር ያለችዋን፣ ይቅርታ ጠይቄ በሁለት ጣቴ ጨመቅሁ። ወደ አፍንጫዬ።

ደብተሬ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። ጤፉ ወገቤ ድረስ ነው። ከወንዙ ወዲህ ፎቅ የለም፣ ሰማይ ብቻ። እግሬ እርጥብ ነው። አንድ ሰው ከሩቅ ስሜን ይጠራል፣ ለመመለስ አልቸኩልም።

እጄን ሳልታጠብ ምሳ በላሁ።

ጥቅምት 4፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

አንድ ስንዝር ሆነ። እሺ ግማሽ። አይ፣ ቆይ፣ ዛሬ እውነት ስንዝር ነው፣ ለካሁት። ሳላጋንን ልክ ስሆን ምን እንደምል አላውቅም።

ቅጠል አይባልም እኮ ይሄ ነገር። አረንጓዴ ጭስ ነው። ጠዋት ጤዛው በየክሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ፀሐይ ስትመጣ በአንድ ጊዜ ይበራል። አንድ ዓይነት መብራት ነው፣ ማቴዎስን ማነው ሽቦውን የዘረጋው ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ አይደለሁም አባባ፣ እሱ ነው» አለ፣ በጣቱ ወደ ላይ እያሳየ። ከሥራ ሲመለስ እሱም መጥቶ አጠገቤ ይቆማል፣ ቦርሳውን ሳያወርድ።  ከለቡ አቧራ ለብሶ የመጣ ሰው አረንጓዴ ነገር ሲያይ ትንፋሹ ይለወጣል።

ዛሬ ሲሄድ ከረጢቶቹን በእጁ ነካ ነካ አደረገ። ሁለቱ ዳር ዳሩን መድረቅ ጀምረዋል።  ባይናገርም ሰማሁት፦ ብዙ አይጠብቅም።

ከዚህ በርጩማ ላይ ሆኜ ዓይኔን ስጨፍን ጓሮው ይሰፋል። አጥሩ ይሄዳል። ፎቆቹ አንድ በአንድ ቁጭ ይላሉ፣ እንደ ደከማቸው ከብቶች። ከዚያ ወንዙ ይሰማል። ዓይኔን ስገልጥ ስድስት በአራት ነው። ቅር አይለኝም። ሲጨፈን የሚሰፋ ነገር ካለኝ ሀብታም ነኝ።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

ወደቅሁ።

አልተደናቀፍኩም፣ አልታገልኩም፣ ሌባም የለም። ጀሪካን ይዤ ዞር ስል ተረከዜ ሄደ። በቂጤ ቁጭ አልኩ፣ መደቡ ዳር፣ አንድ ጥግ እንስላል ጨፍልቄ። አላመመኝም ማለት ይቻላል። ሽታው ሲነሣ እንዲያውም ሳቅሁ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ብቻዬን፣ እንደ ሞኝ።

ቀና ስል ጫልቱ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ማንኪያው በእጇ። ፊቷ ገርጥቷል።

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። አነሣችኝ፣ ልብሴን አራገፈች፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ «ቅዳሜ» አለች። ሲሚንቶው ማለቷ ነው። ማቴዎስ ማታ ሲመጣ እሱንም «ቅዳሜ» አለችው። አንገቱን ደፋ።

ውሉ ውል ነው። አንዴም ካልወደቅሁ ነው የተባለው፣ ወድቄያለሁ። የተሸነፍኩት በትክክል ነው። እንስላሉ ሁለት ስንዝር ሆኗል፣ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

ምንም ቀልድ አይመጣልኝም።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰ.

ለጫልቱ ነገርኳት። ለሥራ ልትወጣ ነጠላዋን ስታጣፋ።

አባቴ ሊሞት ሲል እጄን ያዘ አልኳት። እዚሁ ቤት፣ እዚያኛው ክፍል። ሌሊቱን ሙሉ አልተናገረም ነበር። ሊነጋጋ ሲል ዓይኑን ገለጠና «ቶላ፣ ማሳው ሄዷል፣ ይሂድ። ከጓሮህ ግን እንስላል እንዳይጠፋ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም።

ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ግማሽ ሆኖ ቀረ። አያቷ ሲሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፣ የሚታወሳት ጢሙና ሳሉ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ።

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም አባዬ? እኔ እኮ ለግትርነት ነው የመሰለኝ። የአያቴን አደራ ላስደፍን ነበር?»

ጭንቅላቷን በእጄ ደባበስኩ። ሥራዋ ረፈደባት። ስትወጣ እንስላሉን በእጇ ጫፍ ነካችው፣ እንደ ሰው ጉንጭ።

ተረፈ። ደብተሬ፣ ተረፈ።

ቁርስ ቀርቦልኛል። አልራበኝም።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሲሚንቶው ፈሰሰ፣ ግን ዙሪያውን። ከበሩ እስከ መጸዳጃው የእግር መንገድ፣ ሰፊ፣ ሸካራ፣ እንዳያዳልጥ በመጥረጊያ የተቧጨረ። መሐሉ ላይ አራት እርምጃ በሁለት አፈር ቀረ። ከጥጉ ማቴዎስ የብረት ቧንቧ ተከለልኝ፣ ስነሣ የምይዘው። እጁ ቆስሏል። አመድ የመሰለ ሆኖ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እኛም ዘንድ አባባ፣ የሚሞት አባት ቃል ከባድ ነው። አባቴ ሲሞት ልደርስለት አልቻልኩም፣ መንገድ ላይ ነበርኩ። ምን ሊለኝ ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። እርስዎ ታድለዋል።»

ቧንቧውን ያዝኩ። ጠንካራ ነው። ለመነሣት ሳይሆን ዝም ብዬ ያዝኩት።

አንድ ከረጢት ተርፏል። ሁለቱ ደርቀው ድንጋይ ሆነው ተጥለዋል።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ታጨደ!

ጤዛው ገና ተነሥቶ ፀሐይ ሳትከርር፣ ወርቄ እንዳለችው። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በመቀስ፣ ከውጭ ከውጭ ያለውን ብቻ፣ የመሐሉን ቀንበጥ ሳልነካ፣ መልሶ እንዲያወጣ። በስተ ምዕራብ ያሉትን ስድስቱን ለዘር ትቼያቸዋለሁ። ያብቡ፣ ይድረቁ፣ ጭንቅላታቸውን በወረቀት ጠቅልዬ ዘቅዝቄ እሰቅላቸዋለሁ። ምጣድ አያዩም። ቆርቆሮው ላይ በእጄ «የሚዘራ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ጫልቱ በሌላኛው ላይ «የሚበላ»።

የመጀመሪያው ጭብጥ ለወርቄ። ይዤ ወረድኩ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ። ከእጄ ሳትቀበል አሸተተችው፣ ዓይኗን ጨፈነች። «አሁን መናገር ትችላለህ» አለችኝ። አርባ ሦስት ቀን ይዤው የቆየሁት ምስጋና ነው። አፌን ከፈትኩ፣ አልመጣም። ደንበኞቿ ፊት እንደ ጅል ቆምኩ። «ይሄን ቀን መዝግቡልኝ» አለች፣ «ቶላ ቃል ያጣበት!»

ምሳ ቅቅል ድንች፣ በላዩ እንስላል፣ ዘይትና ሎሚ። ማቴዎስ ሁለት ጊዜ ጨመረ። ሲጸልይ ለእንስላሉ አመሰገነ፣ ለጫልቱ አያት ቃል አመሰገነ፣ ቃሉን ለጠበቀው ለእኔ አመሰገነ። አሜን አልኩ። የራሴን ድንች ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለት።

ከዚያ ጫልቱ ሐሳብ አመጣች። ዓይኗ ያበራል። የተረፈው ከረጢት አለ አይደል? ሰኞ ማለዳ ማቴዎስ ሥራ ሳይሄድ ከመደቡ ግርጌ ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር ይሠራል፣ ሳይደርቅ እኔ በምስማር የአያቷን ቃል እጽፍበታለሁ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ጽሑፍ። ልጆች ሲወልዱ እንዲያነቡት። «አባዬ፣ ከአሁን ወዲያ አሻራ የለም፣ ጽሑፍ ነው» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል።

ጥቅምት 28፣ እሑድ፣ ከቀኑ 5 ሰ.

ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ ሁለቱም። ቤቱ ዝም ብሏል።

ልምምድ። ወረቀት ላይ በምስማር ጫፍ፦ ከጓሮህ እንስላል። ከጓሮህ እንስላል እን። ከጓሮህ። ከጓ።

እጄ እምቢ አለ። ፊደሎቹ ሸሹኝ ማለት አልችልም፣ ሁሉም ቆመው እያዩኝ ነው። ዘበኛው እኔ፣ የሚጠበቁት እነሱ፣ ግን ዛሬ እነሱ ናቸው የሚጠብቁኝ።

ሠላሳ ዓመት በአሻራ ፈረምኩ፣ አሻራ ምንም አይልም፣ እውነትም ሐሰትም። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ ይናገራል።

ጓሮ ወጣሁ። ቧንቧውን ይዤ ተቀመጥኩ። ትናንት የተቆረጡት ገና እያለቀሱ ነው፣ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ውሃ አለ። ሽታው ሰፈሩን ሁሉ ይዞታል፣ እስከ ጎፋ ድረስ። እሺ፣ እስከ ጎረቤት አጥር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ፎቆቹ ቁጭ አሉ። ጤፉ መጣ። አባቴ ከማሳው መሐል ቆሞ ነበር፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ጠራሁት። ሊዞር ሲል ዓይኔን ገለጥኩ።

ጥቅምት 29፣ ሰኞ፣ ማለዳ 12፡15

የአካፋው ድምፅ ይሰማኛል። ማቴዎስ አሸዋና ሲሚንቶ ያቦካል፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ። ጫልቱ ምስማሩን ጠርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኛለች፣ አዲስ ነው። ሊጠሩኝ ነው።

ወስኛለሁ። ምስማሩን ሳይሆን አንቺን ይዤ እወጣለሁ። በበርጩማው ላይ ተቀምጬ፣ ሁለቱ ቆመው፣ ይቺን ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ለጫልቱ አንብቤላት አላውቅም፤ የመጀመሪያዋ ይቺ ትሁን። ከዚያ ስለ ጓሮዋ እሷ ትፍረድ። ጠፍጣፋው ላይ ደግሞ የምጽፈው ካለ «እንስላል። የዘራው ቶላ፣ የፈለገውም ቶላ» ነው። ሙሉውን ጓሮ ብትደፍነውም መብቷ ነው፣ ወድቄ ተሸንፌ ነበርና።

ደብተሬ፣ ጣሪያውን መልሼልሻለሁ፣ አጥሩን መልሼልሻለሁ፣ አንደኛነቴን፣ ጎማውን፣ ሌባውን፣ ሁሉንም እዚያው ላይ መልሼልሻለሁ። ያልመለስኩት አንድ ብቻ ነው። ሽታውን የምወደው እኔ ነኝ። አንድ ትልቅ ሰው ለአፍንጫው ብሎ መሬት ሲለምን አፈርኩና በሞተ ሰው አፍ አስለመንኩ።

አባቴ ስለ እንስላል አልተናገረም። ከልቡ ገበሬ ነበር፣ ለጤፍና ለበሬ ካልሆነ ቃል አያባክንም። ያን ቀን ሊነጋጋ ሲል ዓይኑን ገለጠ፣ እሱ እውነት ነው። እጄን ያዘ፣ እሱም እውነት ነው። ያለኝ ግን ይሄን ነው፦ «ቶላ፣ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባኝ።»

ዘጋሁለት።